ማክሰኞ ማታ ዶሮ ወጥ አይሠራም

ልጆቼ፣

አዲስ ጎጆ የወጣችሁ፣ ሁለታችሁም ሥራ ውላችሁ ማታ በር ላይ «ዛሬስ ምን እንብላ?» ተባብላችሁ የምትተያዩ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

34 ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ደሴ። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ነበረች። የሌሊት ተራ የእሷ ሲሆን እኔ ከልጆቹ ጋር አድራለሁ፣ የእኔ ሲሆን እሷ። 3 ልጆች ያሳደግነው እንዲህ እየተቀባበልን ነው። ምግብ ማብሰል የተማርኩት ወድጄ እንዳይመስላችሁ፤ ተራው ደርሶኝ ነው። እናቴ መጀመሪያ ሽንኩርት ስከትፍ ያየችኝ ቀን የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወንዶች ልጆቼ፣ ደብዳቤውን ለሚስቶቻችሁ አቀብላችሁ እንዳትሄዱ።

በኛ ቤት ዶሮ ማለት ዶሮ ወጥ ማለት ነው። 12 ብልት ይወጣል፣ ሽንኩርቱ ቀይ እስኪሆን ይቁላላል፣ በርበሬው ይገባል፣ ቅቤው ይከተላል፣ በመጨረሻ እንቁላሉ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ክብሩም ከዚያ ድካም የመጣ ነው። ይህን አልነካም። የምነካው ሌላ ነገር ነው። ዶሮ በገዛን ቁጥር ያንን ሁሉ ማዕረግ ካልሰጠነው ነውር የሠራን ይመስለናል። ስለዚህ ዶሮው ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ለብሶ በዓል ይጠብቃል፤ ልጆቹ ማክሰኞ ማታ ፓስታ በስጎ ይበላሉ፣ ሐሙስም ፓስታ በስጎ ይበላሉ። እኔ ዓመታት ያለፉኝ እንዲህ ነው።

ያዳነችኝ የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። 6 ዓመት ቤሩት ሠርታ ተመለሰች። ወሎ ውስጥ ከአረብ አገር የተመለሰ፣ ወይም ገና ያልተመለሰ ሰው የሌለበት ቤት ብዙ አታገኙም። ሻንጣዋ ውስጥ ብርድ ልብስና ሽቶ ነበር። እጇ ላይ ደግሞ ይህ ምግብ። በአረብኛ «ሰኒያ» ትለዋለች፤ ትሪ ማለት ነው። ድንቹም ዶሮውም አንድ ትሪ ላይ ተደርድሮ ኦቨን ይገባል፤ አለቀ። ፈረንጆቹ ካሰሮል የሚሉትም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ያም የዕቃው ስም ነበር፣ ኋላ ለምግቡ ተረፈ። አይግረማችሁ፣ እኛም ሸክላ ጥብስ እንላለን። የማትረሳኝ ግን አንዲት ነገር ናት። መጀመሪያ ቀን ስትሠራልን ልጆቼን በየተራ «ጥግ ላይ ያለው ድንች ለማን ይሁን?» ብላ ጠየቀች። ድንቹ ጥግ ላይ ጠርዙ ይደርቃል፣ ይጣፍጣል፤ ልጆች ይጣሉበታል። ይህን ያወቀችው የሰው ልጆች ስትመግብ ነው።

እንግዲህ አሠራሩ። ለ6 ሰው 8 የዶሮ ብልት፣ ታፋና ቅልጥም ቢሆን ይመረጣል። ደረቱ ቶሎ ይደርቃል። 1 ኪሎ ድንች፣ 3 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ካሮት፣ 3 ቲማቲም፣ 6 ፍንጭል ነጭ ሽንኩርት። ዘይት 4 የሾርባ ማንኪያ። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ እርድ፣ የጥብስ ቅጠል። የባለቤቴ እህት ሎሚ ትጨምርበታለች፤ እኔ ሎሚውን ቀንሼ አንድ ቃሪያ ለሁለት ሰንጥቄ አስገባለሁ። ድንቹን ከትንሽ ጣታችሁ ውፍረት ባልበለጠ ቁረጡ፤ ይህን አደራ፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ሁሉንም ትሪው ላይ በእጃችሁ በዘይቱና በቅመሙ እሹት። አትክልቱ ከታች፣ ዶሮው ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ ከላይ። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጠርዝ በኩል አፍስሱ፣ ቆዳው ላይ እንዳይፈስ። በፎይል ሸፍኑትና ቀድሞ በጋለ 200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 40 ደቂቃ። ከዚያ ፎይሉን ገልጣችሁ ሌላ 20 ደቂቃ፣ ቆዳው እስኪቀላ።

የምትገዙት ዶሮ ግን የፈረንጅ ይሁን። የፈረንጅ ዶሮ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ውስጥ ለእርድ የሚደርስ ልጅ ነው፤ ሥጋው ለስላሳ ነው። የሐበሻ ዶሮ ስንት ግቢ ሲሮጥ የኖረ ነው፤ በ1 ሰዓት አይበገርም። ጣዕሙ ይበልጣል፣ አልክድም። ለእሱ ግን መጀመሪያ ድስት ውስጥ በደንብ መቀቀል ያስፈልጋል፤ ያኔ ማክሰኞ መሆኑ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። ትሪው ኦቨን የገባበት ያ 1 ሰዓት የእናንተ ነው። ዶሮ ወጥ እንደ ሕፃን ልጅ ነው፤ ዞር ስትሉ ያራል። ቁሌቱ ማንኪያችሁን ይዞ ያቆማችኋል። ሰኒያው አይፈልጋችሁም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ከገባ እስከ 1 ሰዓት ምንም ሥራ የላችሁም። እኔ መጀመሪያ በዚያ ሰዓት ዕቃ አጥብ ነበር፣ ካልሲ አጣጥፍ ነበር። አንድ ቀን ደክሞኝ እዚያው ወጥ ቤት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። መካከለኛዋ ልጄ ደብተሯን ይዛ መጣችና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ኦቨኑ ይሞቃላ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ። ምንም ሳልጠይቃት ክፍል ውስጥ የሚያስቸግራት ልጅ እንዳለ ነገረችኝ። ለ3 ወር ይዛው ኖራለች። ስንቱን በሽተኛ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ብዬ የጠየቅኩ ሰው፣ የገዛ ልጄን አልጠየቅኳትም። ለነገሩ ዱካዋ ዛሬም አለች፤ አንድ እግሯ ተሰብሮ በሽቦ ታስራለች።

ድንቹን አሳንሱ ያልኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። እህቴ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። እሷ ከድንች ይልቅ ሩዝ ከሥር ታደርጋለች፤ 1 ስኒ ሩዝ በ2 ስኒ ውሃ። ቤቷ በልቼ ወደድኩት። ደሴ መጥቼ እንዳለችኝ ሠራሁ፤ ሩዙ መሃሉ ጥሬ ሆነ። ደገምኩ፣ ያው። ሩዙን ለወጥኩ፣ ነጋዴውን ረገምኩ፣ ኦቨኑን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ የ8ኛ ክፍሉ ልጄ «አባ፣ እዚህ እኮ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም» አለኝ። አፈርኩ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ስትወርዱ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያ እስከ 94 ይደርሳል። ኦቨኑ 200 ይበል እንጂ በውሃ ውስጥ ያለው ሩዝና ድንች የሚያገኘው የውሃውን ሙቀት ነው። ያሳፈረኝ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የሕክምና ዕቃ ጀርም በሚገድለው ማሽን፣ በኦቶክሌቭ፣ ስቀቅል መኖሬ ነው። ኦቶክሌቭ በግፊት ውሃውን 121 ዲግሪ የሚያደርሰው ለምን ሆነና! ስለዚህ ደሴ ያላችሁ፣ ድንቹን አሳንሱ፣ ሩዝ ከሆነ ሩብ ስኒ ውሃና 10 ደቂቃ ጨምሩ። ኮምቦልቻ ያላችሁ በእህቴ ሒሳብ ሥሩ።

መብራትስ? መብራት ይጠፋል። አንዴ ዶሮው 20 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ድርግም አለ። ልጆቹ ተርበዋል፣ እኔ ትሪውን ይዤ ቆሜያለሁ። ያን ቀን እናቴ ቤት ነበረች። «ወግድ» አለችኝ። ከሰል አያያዘች፣ ፍሙን ምድጃው ላይ በስሱ በትና ትሪውን አስቀመጠች። በላዩ ላይ ያረጀ ምጣድ ደፋችና የተረፈውን ፍም ምጣዱ ጀርባ ላይ አደረገች። እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች፤ ለድፎ ዳቦ እንደምታደርገው ማለት ነው። ቆዳው ከኦቨኑ በልጦ ቀላ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሽንኩርት ከተፋዬ ዝም ማለቷን ትታ መተቸት ጀመረች፤ እኔም ለመድኩት። ኦቨን የሌላችሁ አብሽሩ፣ ወፍራም ድስትና ጥሩ ክዳን ካላችሁ በዚህ መንገድ ይሆናል። ከሰሉን ግን ደጅ፣ ቢያንስ በርና መስኮት ከፍታችሁ። በር ዘግተው ከሰል ያሞቁ ሰዎችን ድንገተኛ ክፍል ተቀብያለሁ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

አሁን እናቶች የሚቆጡኝ ቦታ ደረስኩ። ታሽጎ የመጣውን የፈረንጅ ዶሮ አትጠቡት። አውቃለሁ፣ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ማጠብ የሙያ መለኪያ ነው። ቤት ለታረደና ለተለበለበ ዶሮ እሱ ግድ ነው። የታሸገውን ቧንቧ ሥር ስታጥቡት ግን ውሃው ይረጫል፤ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉት ጀርሞች ከዶሮው ተነስተው ሰላጣችሁ ላይ ያርፋሉ። የሚገድላቸው እሳት ነው። የሥጋው መሃል 74 ዲግሪ ሲደርስ ያበቃላቸዋል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ አጥንቱ አጠገብ በቢላ ውጉት፤ የሚወጣው ውሃ ቀይ ካለበት መልሱት። እጄ ካላጠብኩ አይረጋም የምትሉ ሳፋ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡት፣ ከዚያ ሳፋውንም እጃችሁንም በሳሙና። ጥሬ ዶሮ የቆረጣችሁበት መክተፊያ ላይ ቲማቲም እንዳትቆርጡ። የተረፈውን ከበሰለ 2 ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ አስገቡት፤ ስታሞቁት ደግሞ ለብ ሳይሆን እስኪተን። በሥራ ዘመኔ አንድ ቤተሰብ በሙሉ፣ አያት ከልጅ ልጅ፣ በአንድ ሌሊት ግሉኮስ ተተክሎለት አይቻለሁ። የበሉት በማግስቱ ለብ የተደረገ ዶሮ ነበር።

ጾሙን ታውቃላችሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብ ሲወጡ ከሥራ ቀን ለዶሮ የሚቀሩት 3 ናቸው። ረቡዕ ያንኑ ትሪ በተቀቀለ ሽምብራ እሠራዋለሁ፤ ልጆቹ አያጉረመርሙም። ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው፤ የእነሱ ልጆች ማታ እኛ ቤት፣ የእኛም እነሱ ቤት ናቸው። የኛን ሥጋ አይበሉም፣ እኛም እንዲሁ። ይህ በወሎ ማንንም አስከፍቶ አያውቅም፤ ሠርግ ላይም ሁለት እርድ ይታረዳል። ሥጋ ነክቷት የማታውቅ ትንሽ የብርጭቆ ሳህን አለችን፤ ድንቹና ካሮቱ ለብቻው እሷ ላይ ይደረደራል፣ በተለየ ቢላ ተቆርጦ፣ እዚያው ኦቨን ውስጥ ከትሪው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ምንም እንዳይንጠባጠብባት። ልጆቹ ገበታ ላይ ሲቀርቡ የማን ሳህን የትኛው እንደሆነ ከኔ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ስለ እናቴ ሳልጨርስ ቀረሁ። መጀመሪያ የቀመሰች ዕለት ዶሮውን በላች፣ ድንቹን በላች፣ ከዚያ በማንኪያዋ ትሪውን መበርበር ያዘች። «ምን ጠፋብሽ እማዬ?» አልኳት። «እንቁላሉስ?» አለች። እንቁላል የሌለው ዶሮ እሷ ዘንድ ያላለቀ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት 1 እንቁላል ቀቅዬ፣ ልጬ፣ በእሷ በኩል ባለው ጥግ ቀበርኩላት። አሁን እሷ የለችም፤ እንቁላሉ ግን ይገባል። ልታደርጉት ከፈለጋችሁ ፎይሉን ስትገልጡ አታስገቡት፣ ላስቲክ ይሆናል። ሊወጣ 5 ደቂቃ ሲቀረው፣ ከመረቁ ጠለቅ አድርጋችሁ።