ቃታው ተለቅቆም የማይቆም ግራይንደር

ወንድሜ፣ ከጅማ የላክኸውን ጥያቄ አንብቤዋለሁ። ነገሩ ይህ ነው፦ የትልቁ፣ የ230 ሚሊ ሜትሩ ግራይንደር የኋላ እጀታ ተሰበረ፤ ሞተሩ ከተቃጠለ ሌላ ግራይንደር እጀታውን ከነቃታው ፈትተህ ገጠምክለት። ማብሪያውን ሄርማታ ገበያ ገዝተህ ሁለት ጊዜ ቀየርክ። አሁን ቃታውን ስትለቀው አንዳንዴ አይቆምም፣ እጀታውን በመዳፍህ መታ ስታደርገው ይቆማል፤ እጀታውም ይሞቃል። ሞላው ደክሞ ይሆን ወይ ነው የምትለው።

ሞላው አይመስለኝም። መታ ሲደረግ መቆሙና እጀታው መሞቁ ወደ ሌላ ነገር ይመራኛል። ሞላው ቢደክም ወይም ቃታው ከእጀታው ጠርዝ ጋር ቢፋተግ ኖሮ፣ ቃታው ራሱ ገብቶ ይቀራል፤ በጣት ስትስበው ይወጣል። ቃታው ወጥቶ ሞተሩ መዞሩን ከቀጠለ ግን ማብሪያው ውስጥ ያሉት መገናኛዎች፣ ማለት ሲነካኩ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉት ትንንሽ ብረቶች፣ እርስ በርስ ተበይደዋል። የገዛኸው ማብሪያ መልኩ እንጂ አቅሙ የትልቁ ግራይንደር አይደለም ብዬ እገምታለሁ።

እስክትጠግነው አትሥራበት፤ ከመክፈትህ በፊትም ሶኬቱን ንቀል፣ ዲስኩንም አውልቅ። የእኛን አገር መብራት ታውቀዋለህ። ሥራ ላይ እያለህ ይሄድና ግራይንደሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ትወጣለህ፤ መገናኛው ተበይዶ ከሆነ መብራት ሲመጣ ማንም ሳይነካው ይነሳል። የ230 ዲስክ በደቂቃ 6,600 ዙር ሲዞር ጠርዙ በሰዓት ከ280 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ከጠረጴዛ ላይ ዘሎ የረዳትህ እግር ላይ ሲያርፍ ማየት አትፈልግም።

አሁን ማብሪያውን አውጣና ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህንን ነው። ለምሳሌ 16(8) ተብሎ ከአምፔር ምልክት ጋር ይጻፋል። ከቅንፉ ውጭ ያለው 16 እንደ ምድጃ ላለ ዝም ብሎ ለሚሞቅ ዕቃ ነው። ለሞተር የሚያገለግለው በቅንፍ ውስጥ ያለው 8 ነው። ሻጩ «አሥራ ስድስት ነው፣ ይችላል» ሲልህ የሚያሳይህ የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። ያንተ ሞተር 2,000 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይወስዳል፤ ይህም ዞሮ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ነው። ሲነሳ ሌላ ነው። የሚዞር ሞተር ራሱ ከሚመጣው ኤሌክትሪክ ጋር የሚገፋፋ ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ የሚወስደውን ይገድበዋል። የቆመ ሞተር ግን የሚገፋበት ነገር የለውም፤ ያለው የጥቅሉ ሽቦ ብቻ ነውና ለአፍታ የመደበኛውን ብዙ እጥፍ ይስባል። ልክ በዚያች ቅጽበት መገናኛዎቹ ሲጋጩ ትንሽ ይነጥራሉ፣ ይፈነጥቃሉ፣ ፊታቸው ይቀልጣል። ደህናው ማብሪያ ወፍራም መገናኛና ጠንካራ ሞላ ስላለው ይላቀቃል። ርካሹ ቀጭን ስለሆነ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ በመዳፍህ ስትመታው የምታላቅቀው ያንን ብየዳ ነው። የ115 ሚሊ ሜትሩ ትንሹ ግራይንደር 700 ዋት አካባቢ ስለሆነ፣ ለእሱ የተሠራ ማብሪያ እዚህ ቢገባ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ በቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር ከሞተርህ አምፔር የማያንስ ፈልግ። ጅማ ካጣህ የአሮጌውን ፎቶ አንስተህ አዲስ አበባ መርካቶ ለሚሄድ ሰው ላክ።

እጀታው ውስጥ ሽቦ የወጣለት ትንሽ ጥቁር ሳጥን መኖሩንም እይ። አንዳንዱ ትልቅ ግራይንደር ሲነሳ የሚስበውን የሚቀንስ ዕቃ አለው። አንዱ ጠጋኝ ተቃጥሏል ብሎ ቆርጦ ሽቦውን በናስትሮ አገናኝቶት ከሆነ፣ ጥሩ ማብሪያም ይጎዳል። እንዲህ ያለ ጥገና ያናድደኛል፤ የእስክሪብቶ ሞላ የተገጠመለት ቃታም አይቻለሁ።

ከመግጠምህ በፊት የሽቦዎቹን ቦታ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን አላቀህ በቴስተር ሞክር፦ ቃታው ሲለቀቅ ሁለቱም ጥንዶች፣ ማለት ወደ ማብሪያው የሚገባው እያንዳንዱ መስመርና የሚወጣበት፣ መቋረጥ አለባቸው፣ በካቻቪቴ እጀታ ስትመታውም እንደዚያው። ማብሪያው ላይ ሽቦው በቪቴ የሚጠብቅ ከሆነ ጫፉን ጠምዝዘህ እንዳለ አስገባው፤ የመበየጃ ሊድ አታቅልጥበት፣ ቆይቶ ይላላና ይሞቃል። የገመዱ መያዣ የሚጨብጠው የውጭውን ጎማ ነው እንጂ የውስጡን ሽቦ አይደለም። የብረት ብናኙን በደረቅ ብሩሽ ጥረግ፤ ከጅማ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

የእጀታው ሁለት ግማሾች ሳይገፉ መግጠም አለባቸው። በቪቴ ኃይል የምታገናኛቸው ከሆነ ሽቦ ተቆንጥጧል ማለት ነው። ቪቴውን መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙረው፤ አሮጌው ጥርስ ውስጥ ጠብ ሲል ይሰማሃል፣ ከዚያ አጥብቀው። አለበለዚያ ፕላስቲኩን አዲስ ጥርስ ይበላዋል። ቃታውን ዙሪያውን የሚከልለው የእጀታው ጠርዝ ከተሸረፈ ግን በማጣበቂያ አትድከም፤ ቀይረው። ግራይንደሩን ስታስቀምጠው ቃታው ቱቦላሬ ላይ እንዳይጫን የሚጠብቀው እሱ ነው። ከላሜራ ቆርጠህ እጀታ መሥራትም አይታሰብ፤ ፕላስቲክ የሆነው ኤሌክትሪክ እጅህ ላይ እንዳይደርስ ነው።

ዘግተህ ስትጨርስ፣ ሶኬቱ ከመሰካቱ በፊት ቃታውን ደጋግመህ ተጫን፤ በየጊዜው ሙሉ በሙሉ መመለስ አለበት። ከዚያ ያለ ዲስክ ሰክተህ አብራ፣ አጥፋ፣ ደጋግም። አንድ ጊዜ እንኳ ቢያቅማማ ሶኬቱን ንቀልና መልሰህ ክፈተው። ደህና ከሆነ የዲስኩን መከለያና የጎን እጀታውን ግጠም፣ በላዩ ላይ ከ6,600 ያላነሰ ዙር የተጻፈበት ዲስክ እሰር፣ አንድ አንግል ብረት ቁረጥበት። ሶኬቱን ነቅለህ እጀታውን ዳስሰው፤ አሁንም የሚሞቅ ከሆነ የላላ ቪቴ ቀርቷል።