ሐረጎ ላይ ለሚደክመው ሲኖትራክ፦ ፊድ ፓምፕ ከመግዛትህ በፊት ጌጅ ግዛ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ኮምቦልቻ መኪና አቁሜ ነው ያነበብኩት። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ አሳደርኩት። ያልከው ይሄን ነው፦ መኪናህ ባለ 371 የፈረስ ጉልበት ሲኖትራክ ነው፤ ከሚሌ ጭነህ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ድረስ ደህና ይመጣል፤ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲጀምር ግን ጉልበቱ ይከዳሃል፣ ነዳጅ ብትሰጠውም አይቀበልም። መካኒክህ «ፊድ ፓምፑ (ናፍታውን ከታንክ ወደ ሞተሩ የሚያመጣው ትንሹ ፓምፕ) ደክሟል፣ በኤሌክትሪክ ቀይረው» ብሎሃል። አንተ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያየሃቸውን ትልልቅ ፓምፖች ዘርዝረህ የቱን ልግዛ ትላለህ።

አብሽር፣ መፍትሔ ያለው ነገር ነው። ግን ለፓምፕ ብር ከማውጣትህ በፊት ከ0 እስከ 4 ባር የሚያነብ አንድ የግፊት ጌጅ ግዛ። ፓምፕ በስሙ አይመረጥም። የሚመረጠው ፖምፓው (ናፍታውን ለክቶ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው ትልቁ ፓምፕ) መግቢያ ላይ፣ መኪናው ተጭኖ፣ ዳገት ላይ እያለ በሚነበበው ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር ሳታውቅ የምትገዛው ፓምፕ ግምት ነው፤ በግምት የገዛሁት እኔ ከስሬበታለሁ፣ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ለምን ሐረጎ ላይ እንደሚብስ ልንገርህ፤ ብዙ ሹፌር ይህን ስለማያውቅ ያለ ጥፋቱ ፓምፑን ይወቅሳል። ፊድ ፓምፕ ናፍታውን ከታንክ ይስባል እንላለን እንጂ እሱ የሚያደርገው የቱቦውን ግፊት ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ናፍታውን ከታንኩ ገፍቶ የሚያመጣው ላዩ ላይ የተጫነው አየር ነው። ሚሌ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ግማሹ የተደፈነ የመሳቢያ መስመር ማጣሪያ (ፊልትሮ) ይዘህ አፋር ሜዳ ላይ ምንም ሳይሰማህ ትነዳለህ። ያው ማጣሪያ ሐረጎ ላይ፣ ሞተሩ ከሁሉ ይበልጥ ናፍታ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ጉሮሮውን ያንቀዋል። ኮምቦልቻና ደሴ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር አይሞሉም፤ ዳገቱ ግን አንድ ትንፋሽ ነው፣ ፋታ አይሰጥም።

ሞተሩም ራሱ የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ነው። ተርቦ (አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል፤ ተርቦ ያለውም ቢሆን ቱቦው ከተቀደደ ወይም የአየር ፊልትሮው ከተዘጋ ያው ነው። ይህን ለመለየት ገንዘብ አያስፈልግህም። ሲደክም ጭሱን በመስታወት እይ። ጥቁር ጭስ እየተፋ ከደከመ ናፍታው ደርሶታል፣ ያጣው አየር ነው፤ ፓምፕ ብትቀይር ምንም አታገኝም። ጭስ ሳይኖረው ዝም ብሎ ከደከመ፣ ወይም እየተንገጫገጨ ከሄደ፣ ያኔ የናፍታውን መስመር ጠርጥር። ይህን ጥያቄህ ላይ አልጻፍከውም፤ ከሁሉ በፊት ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው።

አሁን የራሴን ልንገርህ። ያኔ የምነዳው ኢሱዙ ነበር፤ ከወልድያ ሲሚንቶ ጭኜ በጋሸና ወደ ላሊበላ እመላለስ ነበር። የድልብን ዳገት ስወጣ እንዲሁ እንዳንተ ይደክምብኛል። አንድ መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ፣ «ይሄ አሪፍ ነው» ብለው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሸጡልኝ፣ ገጠምኩት። ለሁለት ቀን የተሻለው መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ድልብ ላይ ከድሮው ብሶ ቆመ። ከኋላዬ የመጣ አንድ በዕድሜ የገፋ ሹፌር ወርዶ የመሳቢያ ቱቦውን ከታንኩ ነቀለና ንጹሕ ናፍታ ያለበት ጀሪካን ውስጥ ከተተው። ጀሪካኑን ከካቢናው ኋላ ከፍ አድርጎ በገመድ አሰረው። «በል ንዳ» አለኝ። መኪናው ከነጭነቱ ዳገቱን ወጣ። ጋሸና ላይ ታንኩን አወረድነው፤ መሳቢያው ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት ጥቁር ዝልግልግ ነገር ለብሶ፣ አንድ የጀሪካን ክዳን ላስቲክም ተለጥፎበት አገኘነው። ያ ጥቁር ነገር ታንክ ሥር ውኃ ሲጠራቀም በናፍታውና በውኃው መካከል የሚራባ ተሕዋስ ነው። ናፍታ ከበርሜል በጀሪካን ስንቀዳ በከረምንበት አገር ታንኩ እንዲህ ባይሆን ነበር የሚገርመው። የገዛሁት ፓምፕ ያንን የተደፈነ ወንፊት ይበልጥ ከመምጠጥ ሌላ ምንም አልሠራልኝም።

ስለዚህ አንተም ጀሪካኑን ሞክር። ከዚያ በፊት ግን ከዚህም የቀለለ አለ፦ ሲደክምብህ ዳር ይዘህ የታንኩን ክዳን ክፈት። እስስስ ብሎ አየር ከሳበና መኪናው ወዲያው ከተሻለው የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል፤ አፋር ውስጥ በአቧራ የሚዘጋው በጣም ብዙ ነው፣ በአንድ መርፌ ይከፈታል። ጠዋት ደሴ ወይም ቦሩ ሜዳ አድረህ ስትነሣ የእጅ ፓምፑን ብዙ ሳትመታ የማይነሣልህ ከሆነ ደግሞ በመሳቢያው በኩል አየር እየገባ፣ ሌሊቱን ናፍታው ወደ ታንክ እየተመለሰ ነው። በመሳቢያ በኩል ያለ ቀዳዳ ናፍታ አያንጠባጥብም፣ አየር ነው የሚያስገባው፤ በዓይን አይተህ አታገኘውም። ከፊድ ፓምፑ በፊት ግማሽ ክንድ የምታህል ውስጡ የሚታይ ነጭ ቱቦ አስገባበትና ሞተሩን አስነሣ። አረፋ ካየህ ከዚያ ወደ ታንክ ያለውን ቱቦ፣ ማሰሪያና የመዳብ ሮንዴላ (ማሸጊያ ቀለበት) ሁሉ ቀይር። ሮንዴላ ደግመህ አታጥብቅ፣ አዲስ አድርግበት።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ካገኘኸው ጌጁን እሰር። ከፊልትሮ በኋላ፣ ፖምፓው መግቢያ ላይ ይሁን፤ ከፊልትሮ በፊት ካሰርከው የተዘጋ ፊልትሮ ያታልልሃል። ናፍታ ያለበትን ቱቦ ካቢና ውስጥ አታስገባ፣ እሳት ነው። ውጭ መስታወቱ ዘንግ ላይ አስረህ ረዳትህ እንዲያነብ አድርግ። መኪናህ ላይ ያለው ረድፍ ፖምፓ (ለየሲሊንደሩ የየራሱ መግፊያ በመስመር የተደረደረበት) ከሆነ በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ባር አካባቢ ይበቃዋል፤ ትክክለኛው የፖምፓው መመሪያ ላይ ያለው ነው። ዋናው ግን ቆሞ የሚያሳየው ቁጥር አይደለም። ቆሞማ የደከመውም ጥሩ ያሳያል። ሐረጎ ወገቡ ላይ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሰጥተህ፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ፊልትሮውም ንጹሕ ከሆነ፣ ያኔ ፓምፑ ተጠያቂ ነው። ከ1 በላይ ቆሞ መኪናው ከደከመ ግን ፊድ ፓምፑን ተወው፤ ናፍታውን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጩት ኖዝሎች፣ ወደ ፖምፓው ወይም ወደ ተርቦው ሂድ።

ፓምፑ ነው ከተባለም መጀመሪያ ያለውን ፍታው። ፖምፓው ጎን ላይ ያለው ፒስተን ያለው ፊድ ፓምፕ ውስጡ ቀላል ነው፦ ፒስተን፣ ስፕሪንግ፣ ሁለት ትንንሽ ቫልቮች። ከቫልቮቹ አንዱ ሥር የገባች ቅንጣት አሸዋ ግማሽ ሥራውን ታስቀረዋለች። ግፊቱን የሚወስነው ስፕሪንጉ ነው፤ እሱም ይደክማል። መጠገኛ ዕቃው ከአዲስ ፓምፕ ጋር በዋጋ አይነጻጸርም። ዘይትህንም በመለኪያው እይ፦ እየጨመረ ከመጣና ናፍታ ናፍታ ከሸተተ የፓምፑ ዘንግ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ሳትውል ሳታድር ቀይረው፣ ዘይት የቀጠነበት ሞተር ብረቱን ይበላል።

አንተ የዘረዘርካቸውን ኤርዶግና ፋስ የመሳሰሉትን የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ፓምፖች አውቃለሁ፣ ቪዲዮአቸውን እኔም አይቻለሁ። አሜሪካኖቹ ምክንያት አላቸው። ከ1998 አጋማሽ እስከ 2002 የተሠራው የእነሱ ዶጅ ራም፣ ባለ 5.9 ሊትር ካሚንስ፣ ቪፒ44 የሚባል ኤሌክትሮኒክ ፖምፓ አለው። ያ ፖምፓ ራሱን የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም በሚያልፍበት ናፍታ ነው፤ ግፊቱ ሲወርድ ይቃጠላል። ከፋብሪካ የመጣው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ደግሞ ሞተሩ ላይ፣ ከታንክ ርቆ ነው የተገጠመው፤ ይደክማል። ስለዚህ ጠንካራ ፓምፕ ገዝተው ሻንሲው ላይ ታንኩ አጠገብ ይገጥማሉ። የእነሱ በሽታ ያ ነው። ያንተ በሽታ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ የሌላ በሽተኛ መድኃኒት አትዋጥ። ደግሞም የእነሱ መኪና 12 ቮልት ነው፣ ያንተ 24።

ለክተህ በእውነት የኤሌክትሪክ ካስፈለገህ መጠኑን በሒሳብ አውጣው። 371 የፈረስ ጉልበት 273 ኪሎ ዋት ያህል ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት በሰዓት 200 ግራም አካባቢ ናፍታ ያቃጥላል፤ ተባዝቶ ወደ 55 ኪሎ፣ በሊትር 65 ገደማ በሰዓት ይመጣል። በፖምፓው ግን ሞተሩ ከሚያቃጥለው በላይ ናፍታ ማለፍ አለበት፤ ትርፉ ሙቀትና አየር ይዞ ወደ ታንክ ይመለሳል። ሁለት ሁለት ተኩል እጥፍ በለው፣ ከ130 እስከ 160 ሊትር ገደማ በሰዓት። ከዚህ በላይ 400፣ 500 ሊትር የሚለው ላንተ ትርፍ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሊትር ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ግፊት የሚወጣው ነው፤ አንተ የምትጠይቀው «በ1.5 ባር ስንት ሊትር?» ብለህ ነው። ሻጩ ይህን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው አትግዛ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብህ ይያዘው፦ ፊድ ፓምፕ ጉልበት አይጨምርም። ለሲሊንደሩ ናፍታ የሚለካው ፖምፓው ነው፤ ፊድ ፓምፑ የጎደለውን ብቻ ይሞላል። «ግፊት በበዛ ቁጥር ይሻላል» ብዬ አንድ ጊዜ በአንድ አሮጌ ፒክአፕ ላይ የቤንዚን መኪና ፓምፕ አስገጥሜ ነበር፤ 3 ባር የሚገፋ። ፒክአፑ ክብ ፖምፓ (ሮታሪ የሚባለው) ነበረው፤ ያ ዓይነት ፖምፓ ራሱ ስቦ እንዲሠራ የተሠራ ስለሆነ መግቢያው ላይ እንዲህ ያለ ግፊት አይችልም። ወር ሳይሞላው የፊቱ ማሸጊያ ላስቲክ ተገፍቶ ናፍታ መዝነብ ጀመረ፤ ፖምፓ ቤት ወስጄ ከፓምፑ ዋጋ ብዙ እጥፍ ከፈልኩ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ግፊት ከፖምፓህ ፍላጎት በላይ ከሆነ ተወው፣ ወይም ግፊት መቆጣጠሪያ ያለው ይሁን። ሞተርህ ኮመን ሬይል (ናፍታውን በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቧንቧ የሚያከፋፍል) ከሆነ ደግሞ እስካሁን ያልኩት ቁጥር ሁሉ አይሠራም፤ ያለ መመሪያው አትንካው።

ሲገጠም የሚበላሸው ይበዛል። ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ አይወድም፤ ዝቅ አድርገህ ታንኩ አጠገብ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ ይገጠም። ከፊቱ ሻካራ ወንፊትና ውኃ መለያ ይኑረው፣ ደቃቁ ፊልትሮ ከኋላው። ሽቦውን ከቁልፉ ላይ አትስረቅ፤ ወፍራም ሽቦ ከባትሪ፣ ባትሪው ሥር ፊውዝ፣ በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ)። ሪሌው በሞተር ዘይት ግፊት ስዊች ይታዘዝ፤ መኪናው ቢገለበጥና ሞተሩ ቢጠፋ ፓምፑ ናፍታ እየረጨ እንዳይቀጥል። ይህን ለመሥራት የሚሰንፍ ኤሌክትሪሻን ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ፣ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በእኛ መንገድ ከሁሉ በላይ የምመለከተው ግን ሌላ ነው፦ ፓምፑ ሲሞት ናፍታ በውስጡ ያሳልፋል ወይ? አንዳንዱ ፓምፕ ሲቆም መስመሩን ይዘጋል፤ ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ በሌሊት ተጭነህ እሱ ቢሞት የት ትገባለህ? ማሳለፊያ ቫልቭ ያለውን ምረጥ፤ የድሮውንም ፊድ ፓምፕ አትንቀለው፣ ከኋላው ይቀመጥ። የኤሌክትሪኩ ቢሞት ዝግ ብለህም ቢሆን ደሴ ትገባለህ።

አሁን ክዳኑን፣ ጭሱንና ጀሪካኑን እይና ውጤቱን እዚሁ ጻፍልኝ። ጌጁን ካሰርክ ኮምቦልቻ መውጫ ላይ፣ ሐረጎ ወገብ ላይና ደሴ መግቢያ ላይ ረዳትህ ያነበባቸውን ሦስት ቁጥሮች ላክ። እኔ ሐሙስ ከባቲ ተመልሼ ኮምቦልቻ ነው የማድረው፤ ጌጅ ካላገኘህ የኔን ከነመገጣጠሚያው አውስሃለሁ።