አራት ሆናችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ልትቀመጡ ላሰባችሁት የቱሉ ዲምቱ ልጆች

"አራት ጓደኛሞች ነን፣ ኦንላይን ፖከር ላይ አንድ ጠረጴዛ ይዘን ካርታችንን በቴሌግራም እየተላላክን ብንጫወት ይነቃብናል ወይ፣ ያዋጣልስ?" ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ከላይ ኮመንት ላይ "ቀላል ነው ግቡበት" ያሉህን አትስማቸው፣ አንዳቸውም ከፖከር ሳይት አምስት ዶላር አውጥተው አያውቁም። እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ በንጹህ ተጫውቼ አውጥቻለሁ፣ እናንተን የሚመስሉ ጎረቤቶችም ነበሩኝ።

1ኛ ሂሳቡን አስሉት። መቼስ የምትቀመጡት ባለ 5 እና 10 ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ስድስት ሰው ይይዛል፣ አንድ ሰው ባብዛኛው 10 ዶላር ይዞ ይገባል። አራቱ እናንተ ከሆናችሁ የሚበላው የሁለት ሰው ገንዘብ ነው፣ 20 ዶላር። ሁለቱንም ኪሳቸውን አራግፋችሁ ብትልኳቸው ለአራት ሲካፈል 5 ዶላር፣ ከዛ ላይ ሳይቱ መሀል ላይ ከሚሰበሰበው ብር (ፖት) በየጨዋታው ሬክ የሚባል ኮሚሽን ይቆርጣል፣ እርስ በርሳችሁ ስትበላሉም ይቆርጣል። ደግሞ ለአንድ ሰው ሁለት ካርታ ስለሚደርሰው ከ52 ካርታ የናንተን 8 አወቃችሁ እንጂ 44ቱ አይታወቅም፣ ሰውዬው ምን እንደያዘ አሁንም ግምት ነው። ኮንከር ላይ ከጓደኛህ ጋር ተጣቅሰህ የሰፈር ልጅ እንደምትበላው አድርገህ አታስበው።

2ኛ አዎ ይነቃል። ፎልድ ያደረግከውን፣ ማለትም ጥለህ የወጣኸውን ካርታ ተጫዋቾቹ አያዩትም፣ ሰርቨሩ ግን ያየዋል፣ ያስቀምጠዋልም። አንደኛው ጎረቤቴ እኔ ጋ ቁጭ ብሎ ሁለት ኪንግ ይዞ መሀል ላይ ሶስተኛው ኪንግ ወጣለት፣ የማያውቁት ሰውዬ ጥሎ ወጥቶ እሱና ጓደኛው ብቻ ቀሩ፣ ጓደኛው ሬይዝ ሲያደርግ (ብር ሲጨምር) ልጁ "እርስ በርስ ምን ያባላናል" ብሎ ፎልድ አለ። እየሳቀ'ኮ ነው! ሶስት ኪንግ ይዞ የሚጥል ጤነኛ ሰው የለም፣ ያንን ነገር አንዴ አይደለም በየቀኑ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ስታደርገው ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማን ለማን እንደሚጥል፣ ብሩ ወደ ማን እንደሚሄድ ቁጭ ብሎ ይታያል።

ካርታ በቀጥታ የሚያዩት እንኳን ተነቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 አብሶሉት ፖከር የሚባል ሳይት ላይ የሁሉንም ካርታ የሚያይ አካውንት ነበር፣ ምንም ባልያዘ እጅ ኦል ኢን (ያለ ብር ሁሉ የተያዘበትን) ኮል ሲያደርግ የተበላው ልጅ ተጠራጥሮ የጨዋታውን ታሪክ ላኩልኝ አለ፣ እነሱም ተሳስተው የሁሉንም ካርታ ከነአይፒ አድራሻው የያዘ ፋይል ላኩለት። እህት ሳይቱ አልቲሜት ቤት ላይ ደግሞ ሳይቱን ይቆጣጠር የነበረው የካናዋኬ ጌሚንግ ኮሚሽን በ2008 ዋና ተጠያቂ ያደረገው ራስ ሃሚልተንን ነው፣ የ1994 የፖከር የዓለም ሻምፒዮኑን፣ ለተበሉትም ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲመለስ ተደረገ። እርግጥ እነሱ ለዓመታት በልተዋል፣ ግን የሚረዳቸው ቁልፍ ሳይቱ ውስጥ ነበረ፣ የናንተ ገንዘብ ያለው እኮ ሳይቱ እጅ ነው። በ2023 መጨረሻ ጂጂፖከር የሚባል ሳይት ላይ ሶፍትዌሩን ነካክቶ የማሸነፍ ዕድሉን ያነብ የነበረው ሰው እንኳን ወደ 30 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ተወርሶበት አካውንቱ ተዘጋ። ሶፍትዌር የሚሰብር ሰው ያልቻለውን እናንተ በቴሌግራም?

3ኛ ዋይፋይ። ኧረ ይሄንን ነው መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝ። ኮዬ ፈጬ አንድ ዋይፋይ ለሶስት አራት ቤት እናዋጣለን፣ የኔም እንደዛ ነበር። ልጆቹ እንደ ኮከብ እየተጫወቱ ሰነበቱ፣ ዝም ተባሉ፣ ዊዝድሮው ሲጠይቁ ግን የአራቱም አካውንት በአንድ ቀን ታገደ፣ የኔም አብሮ! ከነሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፣ ግን አይፒያችን አንድ ነው። እነሱማ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆኖባቸው ከኪሳቸው ያስገቡትም ሳይመለስ ቀረ። እኔ ግን ለሰው ጥፋት ለምን እቀጣለሁ ብዬ ተነሳሁ።

ሳፖርቱ ስምህና አድራሻህ ያለበት የመብራት ወይ የውሃ ቢል ላክ አለኝ። የምን ቢል? የመብራቱ ቆጣሪ በካርድ የሚሞላ ነው፣ ካርዱም በአከራዬ ስም። እንግዲያው የባንክ ስቴትመንት በእንግሊዝኛ ከነማህተሙ አለኝ። ቅርንጫፉ ሄጄ ከተሰለፍኩ በኋላ ልጅቷ ቀና ሳትል "ለየትኛው ኤምባሲ ነው?" አለችኝ። ለኤምባሲ አይደለም ስላት "እና ለምንህ ነው?" ምን ልበላት፣ ለቁማር ነው ልበላት? ማናጀሩ ጋ ላከችኝ፣ እሱ ምሳ ወጥቷል፣ ከምሳ ሲመለስ ስብሰባ አለው፣ በመጨረሻ የደንበኛ መብቴ ነው ብዬ ድምጼን ከፍ ሳደርግ በሁለት ደቂቃ ፕሪንት ተደርጎ ተመታልኝ። ማህተሙ ስሜ ላይ አርፎ ፎቶ ሲነሳ አይነበብም፣ ደግሜ አስመታሁ። ከዛ ፓስፖርቴን ይዤ ሰልፊ፣ ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ እንደማላውቅ የራሳችሁን ሪከርድ እዩት የሚል ኢሜይል፣ ሲዘጉት እንደገና እየከፈትኩ። ከፈቱልኝ፣ ብሬንም ሙሉውን አወጣሁ። በዛ ሰፈር ብሩን ያስመለሰ የማውቀው እኔን ብቻ ነው።

ዩኤስዲቲን (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ) ለሰው ስለመሸጥ ደግሞ ጠይቀሃል፣ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶ መገበያያ አይደለም ብሎ አስጠንቅቋል፣ ገዢው ቢበላህ የምትከስበት ቦታ የለህም፣ ያንን አውቀህ ግባ።

ለማንኛውም ሳንቲም ከማስገባትህ በፊት ቬሪፊኬሽኑን (የማንነትና የአድራሻ ማረጋገጫውን) ጨርስ፣ በራስህ ዳታ ተጫወት፣ ጓደኞችህም የሚጫወቱ ከሆነ ሌላ ጠረጴዛ ይፈልጉ። ቀድሞ የታገደባችሁ ካላችሁ የጻፍኩትን ኢሜይል ኢንቦክስ እልካለሁ፣ በነጻ ነው። "በኮሚሽን አስከፍታለሁ" የሚል አንድ ሰው እዚህ ኮመንት ላይ እየዞረ ነው፣ የፓስፖርታችሁን ፎቶ እንዳትልኩለት።