ኦንላይን ለምታስተምሩ መምህራን፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ኮሌጆች ኦንላይን ኮርስ የያዛችሁ፣ እንደተባባልነው እስከ ማታ 4 ሰዓት እዚህ ነኝ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ኮርሳችሁን በራሳችሁ ላፕቶፕ፣ በቢሮ ዋይፋይ አይታችሁ «ጥሩ ነው» አትበሉ። በርካሽ ስልክ በሞባይል ዳታ ክፈቱት። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። የአንድ ሰዓት ሌክቸር ቀርጬ ጫንኩ። ሁለት ቀን ሆነው፣ የሚያየው ግን ጠፋ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን እህቴ። ቆራርጪው። በ2014 እ.ኤ.አ. ኤዴክስ በተባለው የኦንላይን ኮርስ መድረክ ላይ የተሠራ ጥናት ከ6 ሚሊዮን በላይ የቪዲዮ እይታዎችን መርምሮ፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ግማሹ ተመልካች ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ አሳይቷል። በዚያ ላይ የዳታ ነገር አለ። አንዱን ሐሳብ በአንድ አጭር ቪዲዮ፣ ካልሆነም በድምፅ ብቻ አድርጊው። የ10 ደቂቃ ድምፅ በቴሌግራም ጥቂት ሜጋባይት ነው። ስሌት ወይም ሥዕል ከሌለው ፊትሽን ማየት የግድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ አሳይመንት በሰዓቱ አያስገቡም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ቀኑን እንዴት አድርገህ ነው የጻፍከው?

ጠያቂው፦ «እስከ ኦክቶበር 10፣ 12፡00» ብዬ።

መልስ፦ ይኸው! ይህን ነገር ስንት ጊዜ ተናገርኩ። 12፡00 ምንድን ነው? አንዱ ተማሪ የጠዋቱ 12 ይለዋል፣ ሌላው የማታው፣ ሌላው በፈረንጅ ቆጥሮ እኩለ ቀን ያደርገዋል። ኮርሱን በምንጭንበት ድረ ገጽ፣ ሙድል ላይ ደግሞ ኦክቶበር 10፣ 00፡00 ብለህ ከተውከው በሩ የሚዘጋው ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ልጁ ግን ዓርብን ሙሉ ያለው መስሎት ተኝቷል። ከዚያ ሰነፍ ይባላል። እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ «ዓርብ መስከረም 30፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 10፣ ማታ 3 ሰዓት፤ ሙድል ላይ 21፡00 ይላል።» ቀኑ በስሙ፣ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱም ጠዋት ወይም ማታ ከሚል ቃል ጋር። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ከሆነማ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ማስታወስ እንኳ አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ኦንላይን ማስተማርን እንዴት ውጤታማ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ አይመለስም። ምን ታስተምራለህ? ስንት ተማሪ አለህ? የቱ ላይ ተቸገርክ? ለይተህ ና።

ጥያቄ፦ ካሜራ የማይከፍተውን ቀሪ እያልኩ ነው የምመዘግበው። ትክክል ነኝ?

ሌላ አባል፦ አይደለህም። አንዷ ተማሪ አዘዞ ከስድስት ሰው ጋር በአንድ ክፍል ሆና ነው የምትማረው። ምኑን ነው የምታሳይህ?

ጠያቂው፦ ሰበብ ነው። ስሙን ከፍቶ የሚተኛ ሞልቷል።

ሌላ አባል፦ ክፍል ውስጥስ ዓይኑን ከፍቶ የሚተኛ የለም?

መልስ፦ በቃ፣ ክርክሩን እዚህ ላይ አቁሙልኝ። ቪዲዮ ከፍቶ አንድ ሰዓት መማር ወደ 1 ጊጋባይት ሊበላ ይችላል። ያን ከኪሱ አታስወጣው። መኖሩን ማወቅ ከፈለግህ በየ10 ደቂቃው ጥያቄ ጣልና በጽሑፍ ይመልስ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ስንት ደቂቃ ቢሆን ይመረጣል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ወደ ላይ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ሙድል ወይስ ቴሌግራም? እኛ ዲፓርትመንት በዚህ ተጣልተናል።

መልስ፦ ሁለቱም፣ ግን ሥራቸው ይለይ። ጽሑፍ፣ አሳይመንትና ማርክ ሙድል ላይ፤ «ተጭኗል፣ እዩት» የሚለው ጥሪ ቴሌግራም ላይ። አንዱን ማስታወቂያ በሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት አትጻፉ፣ ተማሪው የትኛውን ይመን? የሙድልን የስልክ አፕ አስጭኗቸው፣ ዋይፋይ ያገኘ ቀን ጽሑፉን አውርዶ ቤቱ ያለ ኢንተርኔት ያነባል። በእኛ አቆጣጠር በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲዘልቅ፣ ትምህርቱን በሙሉ በቀጥታ ስርጭት ላይ የጣለ ኮርስ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ስለዚህ ኮርስ አውትላይኑና የሴሚስተሩ ንባብ በሙሉ በመጀመሪያው ሳምንት በተማሪው እጅ ይግባ፣ በፍላሽም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቹ ዝም ይላሉ። ፎረም ላይ አንድ ሰው አይጽፍም።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጋሪሰን፣ አንደርሰንና አርቸር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሐሳብ አለ፦ ኦንላይን ትምህርት የሚሰምረው የመምህሩ መኖር፣ የተማሪዎች እርስ በርስ መተዋወቅና የጋራ ማሰብ ሲገናኙ ነው። እኛ ዘንድ የሚጎድለው መጀመሪያ መምህሩ ነው። ፒዲኤፍ ጭኖ ይጠፋል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት አጭር መልእክት ላክ። ለምሳሌ፦ «ሰላም ልጆች፣ አራተኛው ሳምንት ላይ ነን። ከገጽ 41 እስከ 52 አንብቡ። የ8 ደቂቃ ድምፅ አያይዣለሁ፣ 2 ሜጋባይት ነው። ባለፈው ሳምንት ብዙዎቻችሁ ጥያቄ 3 ላይ ስታችኋል፣ ድምፁ ስለሱ ነው። ጥያቄ ያለው ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት እመልሳለሁ።» በቃ። የባከነ ቃል የለውም። ፎረሙ ላይ ደግሞ «ሐሳባችሁን ስጡ» አትበል። «ከሁለቱ መፍትሔዎች የቱን ትመርጣላችሁ፣ ለምን?» በል፣ የመጀመሪያዎቹን መላሾችም በስማቸው እየጠራህ መልስላቸው።

ጥያቄ፦ በቻትጂፒቲ እያሠሩ ያስገባሉ...

መልስ፦ እሱ የራሱን ምሽት ይፈልጋል። ለጊዜው ጥያቄውን ከሰፈራቸውና ከክፍል ውይይቱ አውጡ፣ ጥቂቶቹም ያስገቡትን በቃል እንዲያስረዱ አድርጉ።

ጥያቄ፦ ይህን ለተከታተለ ሰርተፍኬት ይሰጣል?

መልስ፦ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ነው ጋሼ። ክዊዝ መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ግማሹ ተማሪ ወደቀብኝ።

መልስ፦ ሙድል ላይ ሰዓት ከገደብሽ፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ ሰዓቱ መቁጠሩን አያቆምም። ክዊዙን ለአንድ ሰዓት ብቻ አትክፈቺው፣ ሁለት ቀን ክፍት ይሁን። ሙከራውን ሁለት አድርጊና ከፍተኛው ይያዝ። ጥያቄዎቹን ከጥያቄ ባንክ፣ ማለትም ቀድመሽ ካከማቸሻቸው ጥያቄዎች እየቀላቀለ እንዲያወጣ ካደረግሽው መኮራረጁም ይቀንሳል። የወደቁትን ነገ እንደገና ክፈቺላቸው፣ ዛሬ ማታውኑ ግን ንገሪያቸው፣ ተጨንቀው አይደሩ።