መልስ፦ ደህና የታሸገ ጠጅ ከየት ይገኛል?

«ከሱፐርማርኬት የገዛሁት የማር ጠጅ ስኳር ውሃ ሆነብኝ፤ በአቅራቢያዬ ደህና የፋብሪካ ጠጅ እንዴት ላግኝ?» ላልከው፦

መጀመሪያ ጠርሙሱን አዙረህ ጀርባውን አንብብ። ፊት ለፊት ያለው የንብ ሥዕል ምንም አይነግርህም። ማር፣ ውሃና እርሾ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ፍራፍሬ ወይም ቅመም ቢጨመርበትም ችግር የለውም። ተራ ወይን ላይ ማር ጠብ አድርገው «የማር ጠጅ» የሚሉ ግን አሉ። «የማር ጣዕም ያለው» የሚል ካየህ መልሰህ አስቀምጠው። ማሩ ከየትኛው አበባ እንደሆነ የሚጽፍ አምራች ብዙ ጊዜ ለማሩ ይጨነቃል።

ስኳር ስኳር ካለህ «ደረቅ» (dry) የሚባለውን፣ ማለትም የማይጣፍጠውን ዓይነት ሞክር። እርሾው የማሩን ስኳር ጨርሶ ስለሚበላው ጣፋጭነቱ ይጠፋል፤ የማሩ ሽታ ግን ይቀራል። አልኮሉ በብዛት ከ8 እስከ 14 በመቶ ነው፤ ከዚያ የሚያንስም የሚበልጥም አለ።

የት ይገኛል ላልከው፣ እኔ ብሆን ንብ አናቢዎችን እጠይቃለሁ። ጠጅ ጣዮች ማር የሚገዙት ከእነሱ ስለሆነ ማን ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ። ካልሆነ የወይን መደብር ሂድ፤ የሚያቀምሱህ ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ብቻ ሳትቀምስ ብዙ አትግዛ። እኔ ቅናሽ ነው ብዬ 6 ጠርሙስ ተሸክሜ ገባሁ። የመጀመሪያውን ስከፍት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሸተተኝ። አምስቱ እስካሁን አልጋ ሥር ናቸው።