የንጉሡ ኑዛዜ፣ የንግሥቲቱ ጋሻ ጃግሬ እና ሌሎች ጥያቄዎች

ሮማውያን ስለወረሯቸው የኬልት ነገድ ገዢዎች (ኬልቶች ከብሪታንያ እስከ ትንሹ እስያ የኖሩ የጥንት ሕዝቦች ናቸው) ከጻፍኩ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቱን ዛሬ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኬልቶች የጋራ ንጉሥ አልነበራቸውም?»

አልነበራቸውም። ቋንቋና ልማድ ያቀራረባቸው ብዙ ነገዶች ነበሩ። በጎል፣ ማለትም በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ንጉሥ የሚለውን ስም ጭራሽ የማይወዱም ነበሩ፤ ኤዱዊ የሚባለው ነገድ ሰዎች ቬርጎብሬት የሚሉትን ሹም በየዓመቱ ይሾሙ ነበር። የአርቬርኒ ነገዱ ኬልቲሉስ ደግሞ ንግሥና ተመኝተሃል ተብሎ በገዛ ወገኖቹ እጅ ሞተ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ52 ጎልን በሮማዊው የጦር መሪ በዩሊየስ ቄሳር ላይ ያስነሣው ቬርሲንጌቶሪክስ የዚሁ ሰው ልጅ ነው።

«ቡዲካ ያመፀችው በልጆቿ ላይ በተፈጸመው ግፍ ብቻ ነው?»

ነገሩ የሚጀምረው ከኑዛዜ ነው። በምሥራቅ እንግሊዝ የአይሴኒዎች ንጉሥ የነበረው ባሏ ፕራሱታጉስ የሮም ወዳጅ ነበር። ሲሞት ቤቱ እንዳይነካበት ብሎ ቄሳሩን ኔሮንን ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ወራሽ አደረገው። ብልጠት መስሎት ነበር። ሮም ግን እንዲህ ያለውን ንግሥና የምታየው ለአንድ ሰው ዕድሜ እንደተሰጠ ውለታ ነው፤ ሰውየው ሲሞት ውለታውም ያበቃል። የመቶ አለቆች አገሩን፣ የግምጃ ቤቱ ሹም ባሮች ቤተ መንግሥቱን ዘረፉ። ንግሥቲቱ ተገረፈች፤ ልጆቿ ተደፈሩ፤ መኳንንቱ ርስታቸውን ተነጠቁ። በዚያ ላይ ብድሩ መጣ፦ ቀድሞ የተሰጣቸው ገንዘብ ይመለስ ተባለ። ጎረቤቶቻቸው ትሪኖቫንቴሶችም ካሙሎዱኑም (የዛሬዋ ኮልቼስተር) ላይ መሬታቸውን ለጡረተኛ ወታደሮች ተነጥቀው ስለነበር አብረው ተነሡ። በ60 ወይም በ61 ካሙሎዱኑምን፣ ለንደንንና ቬሩላሚየምን (የዛሬዋን ሴንት ኦልባንስ) አቃጠሉ። ዛሬም ለንደን ውስጥ ጠለቅ ብሎ የቆፈረ ሰው ያ እሳት ያቀላውን አፈር ያገኛል።

«ካራታኩስን አሳልፋ የሰጠችውን ንግሥት ባንዳ ከማለት ለምን ተቆጠቡ?»

ቃሉ የራሳችን ቁስል ስላለበት ነው። በሰሜን እንግሊዝ የብሪጋንቴሶች ንግሥት ካርቲማንዱዋ ከሮም ጋር ቃል ኪዳን ነበራት። ሮማውያንን ለዓመታት የተዋጋውን፣ በ51 ተሸንፎ የተማጠናትን የብሪታንያ መሪ ካራታኩስን በሰንሰለት አስራ ሰጠች። የተማጠነን ሰው መስጠት ነውር ነው፤ በዚህ አልከራከርላትም። ሆኖም የጋራ አገር በሌለበት የትኛውን አገር ከዳች? ነገዷ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ገደማ ከሮም ቀጥተኛ አገዛዝ ውጭ ቆየ። የጣላት ሌላ ጉዳይ ነው፦ ባሏን ቬኑቲየስን ፈትታ ጋሻ ጃግሬውን ቬሎካቱስን አገባች፤ በ69 ሮማውያን እርስ በርስ ሲዋጉ ቬኑቲየስ መንግሥቷን ቀማት። ካራታኩስ ግን በሮም በቄሳሩ በክላውዲየስ ፊት ተናግሮ ምሕረት አግኝቷል።

«ቅዱስ ጳውሎስ የጻፈላቸው የገላትያ ሰዎች ኬልቶች ነበሩ?»

ስሙ ከእነርሱ ነው። በ278 ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ትንሹ እስያ ተሻግረው በዛሬዋ አንካራ ዙሪያ ሰፈሩ። የመጨረሻው ንጉሣቸው አሚንታስ በ25 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲሞት አገሩ የሮም አውራጃ ሆነ። መልእክቱ ሲጻፍ ግን በአውራጃው የሌላ ዘር ሰዎችም ይኖሩ ስለነበር አንባቢዎቹ ሁሉ ኬልቶች ነበሩ ማለት አይቻልም።

«ታሪካቸውን ሁሉ የጻፈው ጠላት ነው። የራሳቸው ድምፅ የለም?»

ረጅም ጽሑፍ አልተዉልንም፤ ሳንቲም ግን አለ። የካራታኩስ አባት ኩኖቤሊኑስ ባሳተመው ወርቅ ላይ አንድ የገብስ ዛላ ቆሟል፤ በግራና በቀኙ የካሙሎዱኑም ስም አጭር ሆኖ በላቲን ፊደል ተቀርጿል። በጀርባው ፈረስና የንጉሡ ስም አለ። በአክሱም ነገሥታት ወርቅ ላይም የእህል ዛላ ስላለ፣ ያንን ያየ ሰው ይህን ዛላ ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ የነበረው ቬሪካ በበኩሉ በሳንቲሙ ላይ የወይን ቅጠል አስቀረጸ፤ እኔን የጠላና የወይን ጠጅ ፉክክር ይመስለኛል።