«አብሽሪ፣ ይጠሩናል» እየተባልኩ ወራት አለፉ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አምድዎን ባለቤቴ ከስልኩ ላይ ሲያነብልኝ እሰማ ነበር፤ ዛሬ ግን ራሴ ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ዱቄትና ብስኩት በሚያመርት ፋብሪካ በቋሚነት ከተቀጠርኩ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። ሥራዬ ማሸጊያ ክፍል ነበር። ብስኩቱ ከምድጃው ወጥቶ በሸራው ላይ ወደ እኛ ሲመጣ ያረረውንና የተሰበረውን እየለየን በእጃችን እናነሳለን። መጀመሪያ ሰሞን ጣቴን እያቃጠለኝ አለቅስ ነበር። እየቆየሁ ስሄድ ግን የብስኩቱን ጠርዝ አይቼ ብቻ ምድጃው ሙቀት እንደጨመረ አውቅ ነበር። ለኦፕሬተሩ በእጄ ምልክት ስሰጠው መሣሪያውን እንኳ ሳያይ ይቀንሰው ነበር። ይህን የምነግርዎ ሥራዬን እወደው እንደነበር እንዲረዱልኝ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሰብስበው «ስንዴ እንደ ልብ አይገኝም፣ ማሸጊያው በዶላር ነው የሚመጣው፣ መብራቱም እየጠፋ አስቸገረን። ለጊዜው እናቆማለን፤ እንጠራችኋለን» አሉን። የወሩን ደመወዝ ሰጡን፤ ወረቀት ግን አልሰጡንም። ኅዳርም፣ ታኅሣሥም፣ ጥርም አለፈ። ሄደን ስንጠይቅ በር ላይ የምናገኘው ዘበኛውን ብቻ ነው። አሁን የካቲት ላይ ተደውሎ «የአንድ ወር ደመወዝ እንሰጣችኋለን፤ መጥታችሁ ፈርሙ» ተባልን። ወረቀቱ «ሥራዬን በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ፤ ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ነገር የለም» ይላል። አንዳንዶቹ ፈርመው ወሰዱ። እኔ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ደመወዜ 4,200 ብር ነበር። ባለቤቴ የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳው። ሁለት ልጆች አሉን፤ የቤት ኪራይ አለብን። እናቴ «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» ትለኛለች። የሥራ ጓደኞቼም «አብሽሪ፣ ይጠሩናል» ይሉኛል። ታናሽ እህቴ ሪያድ ናት፤ «ነይ፣ ደላላውን እኔ አናግርልሻለሁ» እያለች ትወተውተኛለች። ደላላው ብሩን አስቀድሞ ይፈልጋል። ባለቤቴ ደግሞ የዓረብ አገር ነገር ሲነሳ ከቤት ወጥቶ ይሄዳል። ቤታችን ሰላም አጥቷል። ልፈርም? ልጠብቅ? ወይስ ልሂድ?

ሰ. ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

እህቴ፣ እንኳንም አልፈረምሽ። ያ ወረቀት ፋብሪካው መዘጋቱን ሳይሆን አንቺ ሥራሽን ትተሽ መሄድሽን ነው የሚያስመዘግበው። ሕጉ ደግሞ ሁለቱን እኩል አያያቸውም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ድርጅት በራሱ ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራውን ለጊዜው እንዲያቆም ይፈቅዳል። ነገር ግን ሰብስቦ በቃል መንገር አይበቃም። በሦስት ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። እገዳውም ከ90 ቀን ሊያልፍ አይችልም። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምረሽ ቁጠሪው፤ አልፏል። ሥራው የማይቀጥል ከሆነ ሠራተኛው የስንብት መብቱን ይጠይቃል።

እስቲ እናስላው። 4,200 ብር ለ30 ቀን ሲካፈል የቀን ደመወዝሽ 140 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም 4,200 ብር ታገኛለሽ። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ፣ 1,400 ብር ይጨመራል፤ የስምንቱ ዓመት 11,200 ብር ይሆናል። ድርጅቱ ለዘለቄታው በመዘጋቱ ለሚሰናበት ሠራተኛ ደግሞ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ አለው፤ ይህ 8,400 ብር ነው። ሲደመር ከግብር በፊት 23,800 ብር ይሆናል። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለ እሱም በገንዘብ ይታሰብልሻል። እነሱ የሚሰጡሽ 4,200 ብር ነው። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብለሽ ብትፈርሚ ኖሮ የ60 ቀኑን ታጪ ነበር፤ «የምጠይቀው የለም» ማለትሽን ደግሞ ለቀረው መከራከሪያ ያደርጉት ነበር።

ከመፈረሙ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ ግን መጠበቁ ነው። እናትሽም ጓደኞችሽም «አብሽሪ» ያሉሽ ከፍቅር ነው፤ ወሎ ውስጥ ሰው የሚጽናናው በዚህች ቃል ነው። የሕጉ ጊዜ ግን አይቆምልሽም። ከሥራ ውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አንቺ «ገና አልተሰናበትኩም፤ እንጠራችኋለን ተብያለሁ» ልትዪ ትችያለሽ። የእነሱ ጠበቃ ግን ስድስቱን ወር ማሽኑ ከቆመበት ቀን ጀምሮ ቁጠሩልኝ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ አንቺም ከዚያው ቀን እንደተጀመረ አድርገሽ ቁጠሪና ክሱ ሚያዝያ ሳያልቅ ይግባ።

ነገ ጠዋት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው የከተማው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ብቻሽን ሳይሆን ያልፈረሙትንም የፈረሙትንም ይዘሽ። የፈረሙት አፍረው እንዳይቀሩ፤ ምን እየተባሉ እንደፈረሙ እነሱም ይናገሩ። ፋብሪካው ሥራ ማቆሙን በጽሑፍ አሳውቆ እንደሆነ ጠይቁ፤ አቤቱታችሁንም በጽሑፍ አስገብታችሁ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጉ። በዚያ ካልተፈታ ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ፤ የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም። የቅጥር ደብዳቤሽን፣ የፋብሪካውን መታወቂያና ደመወዝ የገባበትን የባንክ ማስረጃ ያዢ። የጡረታ መለያ ቁጥርሽንም አትርሺ። ከደመወዝሽ በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጥ ነበር፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ጨምሮ ማስገባት ነበረበት። ገብቶ እንደሆነ ካሁኑ ጠይቂ። ስንት ዓመት፣ በምን ሥራ ላይ እንደነበርሽ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት መስጠትም ግዴታቸው ነው።

አሠሪሽ የዘረዘረው ችግር ውሸት ነው ብዬ አላስብም። ኮምቦልቻ ብዙ ተስፋ የተጣለባት ከተማ ናት፤ ደረቅ ወደብ አላት፣ የኢንዱስትሪ ፓርኳም በ2009 ተመርቋል። ከዚያ በ2014 ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ ትልክበት ከነበረው ከአጎዋ ታገደች። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መለዋወጫውም ማሸጊያውም ከውጭ የሚያስመጣ ሰው የሚጠየቀው ብር በእጅጉ ጨምሯል። ይህን ሁሉ እረዳለሁ። ያልገባኝ ጉዳቱ ሁሉ መጥቶ በማሸጊያ ክፍል ሴቶች ላይ ለምን እንደሚወድቅ ነው። የብስኩት ፋብሪካ ሲዘጋ የሚጎዳው ስንዴ ያቀረበው ገበሬም፣ ካርቶኑን የጫነው ሹፌርም ነው። ሱቁ ውስጥ መደርደሪያው ባዶ አይሆንም፤ ከውጭ የመጣው ብስኩት ይሞላዋል። አንቺ ግን ጠርዝ አይቶ ሙቀት የሚያውቅ ዓይን ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብሻል። ፋብሪካው አንድ ቀን ቢከፈት እንኳ ያንን ዓይን ከየት ያመጡታል? ስለዚህ ሌላ የዱቄት፣ የፓስታ ወይም የዳቦ ድርጅት ስትጠይቂ «አሻጊ ነበርኩ» ብለሽ አትለፊው፤ ለእኔ የነገርሽኝን እንዳለ ንገሪያቸው።

የሪያዱ ነገር። አትሂጂ ብዬ አልፈርድብሽም፤ እህትሽ የምታየውን እኔ አላየሁም። ሆኖም የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን ወጪ አሠሪው እንዲችል ነው የሚያዝዘው። ብር ቀድሞ የሚጠይቅ ደላላ ከዚህ ውጭ የሆነ መንገድ እያሳየሽ ነው። በባቲ በኩል አፋርን አቋርጦ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን የሚሄደው መንገድ ስንቱን እንዳስቀረ ከኔ ይልቅ ጎረቤቶችሽ ይነግሩሻል። ባለቤትሽ ከቤት የሚወጣው ይህን ፈርቶ ይመስለኛል። ዛሬ ማታ ስለ መሄድ አታንሺበት። ከላይ ያሰላነውን ሒሳብ አሳዪውና ወደ ጽሕፈት ቤቱ አብሮሽ እንዲሄድ ጠይቂው። አንቺ ሪያድ ሆነሽ እዚህ ክርክሩን ማን ይከታተላል? የግድ መሄድ ከመጣም በፈቃድ በሚሠራ ኤጀንሲ፣ ውሉን አንብበሽ፣ ለባለቤትሽም ውክልና ሰጥተሽ ይሁን። እስከዚያው ለደላላው አንድ ብር እንዳትሰጪ፤ ፓስፖርትሽንም እጁ ላይ አታስቀምጪ።